ያለ ሰሌዳ የተነሳ ፎቶ

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ኢንስፔክተር ሌንሴ ቤቴ መጣች። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከጣቢያው ሰው ሲመጣብኝ እሷ የመጀመሪያዋ አይደለችም። አንዳንዱ ለሰላምታ ይመጣል፣ አንዳንዱ የድሮ መዝገብ የት እንደተቀመጠ ሊጠይቀኝ። ሌንሴ ግን የጫማዋን ጭቃ በር ላይ እየጠረገች ብዙ ቆየች። የቸገራት ነገር እንዳለ ገባኝ።

«እትዬ፣ ሴቶቹ ፎቶ አንነሳም እያሉን ነው» አለችኝ።

«የትኞቹ ሴቶች?»

«ተደብድበው የሚመጡት። ቃላቸውን ይሰጣሉ፤ ካሜራ ሳወጣ ነጠላቸውን ይከናነባሉ። ትናንት አንዷ ምን አለችኝ መሰለዎት? ‹ባሌ የመታኝ ይበቃኛል፤ እናንተ ደግሞ ሌባ ልታደርጉኝ ነው?› እስከ ቀጠሮው ቁስሉ ይድናል። ያለ ፎቶ ምን ይዤ ፍርድ ቤት ልቅረብ?»

የፈለገችው ቀላል ነገር ነበር። በቀበሌው አዳራሽ ሴቶች ሲሰበሰቡ ቆሜ እንዳይፈሩ እንድነግራቸው ነው። «እርስዎ የዚሁ አገር ልጅ ነዎት። ያምኑዎታል» አለች።

ሌንሴ ከሌላ ዞን ተዛውራ የመጣች ልጅ ናት። ፖሊስ ፎቶ ያነሳት ሴት ሌባ ትባላለች የሚለው ወሬ ከየት እንደተነሳ የነገራት የለም። የተነሳው ከእኔ ነው። አስቤበት መልስ እሰጥሻለሁ ብዬ ሸኘኋት። ይህን የጻፍኩት እያሰብኩ ነው።

የተወለድኩት ጎሬ ነው። የአባቴ ወገኖች ከሰሜን የመጡ ሲሆኑ እሱ የቡና መጋዘን ጸሐፊ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት በተቀመጥኩበት ጊዜ ኦሮሚያ ክልል ሆና አዲስ ፖሊስ ሲቀጠር ማስታወቂያ ወጣ። እናቴ «ሱሪ ለብሰሽ ሌባ ልታባርሪ?» ብላ ሳቀችብኝ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ትንሽም ቢሆን የራሴ ነበር።

መጀመሪያ የተመደብኩት እዚያው ጎሬ ነው። ኦሮምኛ ከልጅነቴ ጀምሮ እናገራለሁ፤ መጻፍ ግን አላውቅም ነበር። የሥራው ጽሑፍ በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል ሲሆን እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ፊደል ቆጠርኩ። አንድ ጊዜ «ባላ» የሚለውን ቃል ስጽፍ መርዘም ያለበት መጨረሻው ሆኖ ሳለ እኔ መጀመሪያውን አረዘምኩት። ሰውየው አደጋ ደረሰበት ለማለት ቅጠል ደረሰበት ብዬ ጽፌ ኖሯል። ጋሼ ነጋሳ ወረቀቱን አንብበው ቀና አሉና «የምን ቅጠል ነው የደረሰበት? የጫት ከሆነ ሰውየው አልተጎዳም» አሉኝ።

ጋሼ ነጋሳ ከድሮው ጊዜ የቀሩ ሃምሳ አለቃ ነበሩ። ምርመራውንም ፎቶ ማንሳቱንም የሚሠሩት እሳቸው ናቸው። በጣቢያው አንድ ካሜራ ነበረች፤ ከእሳቸው በቀር የሚነካት አልነበረም። ተጠርጣሪ ሲያነሱ ስምና ቁጥር በጠመኔ የተጻፈበት ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ደረቱ ላይ ያስይዙታል። የተበደለ ሰው ግን ያለ ሰሌዳ ነው የሚነሳው። ሲያነሱም ከወገብ በላይ ሙሉውን እንጂ ቁስሉን ብቻ አያነሱም። ምክንያቱን ስጠይቃቸው «ቁስል ብቻውን የማንም ነው። ሰውየው ይታይ» አሉ።

ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ያለ ሰሌዳ የተነሱትን በወፍራም ቡናማ ፖስታ ይከቱና በቁም ሳጥኑ ታችኛው መደርደሪያ ለብቻ ያስቀምጣሉ። «እነዚህን ከሌቦቹ ጋር እንዳታቀላቅይ» ይሉኝ ነበር፤ በየጊዜው ያንኑ፣ በዚያው ድምፅ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ምስክር «ይሄ ነው» ብሎ በፎቶ ሲያመለክት አያምኑትም። ፎቶውን ጠረጴዛ ላይ ያኖሩና ፊቱን በመዳፋቸው ይሸፍኑታል። ከዚያ «አሁን ማን እንደሆነ ንገረኝ» ይላሉ። ትከሻውን፣ አንገቱን፣ እጁን የሚያሳርፍበትን፣ ልብሱን የሚቆልፍበትን ያስወሩታል። እኔንም እንዲሁ አለማመዱኝ። ፊት ላይ ሳፈጥ ካዩኝ «ፉላ ዺሲ» ይሉኛል፤ ፊቱን ተዪው ማለታቸው ነው። «ፊት ማንም ያየዋል። የሚያሳስተውም እሱ ነው።»

ኡካ ወደምትባል ከተማ ተዛውሬ በሠራሁባቸው ዓመታት ይህ ልማድ አንድ ሰው አድኖልኛል። ከማስጫ ላይ ቡና ተሰርቆ ምስክሮቹ ሁሉ ከሁለት ተመሳሳይ ወንድማማቾች ታላቁን በፊቱ ለዩት። እኔ ሁለቱን ወንድማማቾች ጀርባቸውን አዙሬ በጭቃው መንገድ አስኬድኳቸው። ምስክሮቹ አካሄዳቸውን ሲያዩ እርስ በርስ ተያዩ። የሰረቀው ታናሹ ነበር። በዚያ ሰሞን ራሴን ጎበዝ መርማሪ አድርጌ ቆጠርኩ። ጋሼ ነጋሳ ጎሬ ሆነው ሲሰሙ «ደግ አደረግሽ» ብቻ አሉ። እሳቸው ብዙ አያመሰግኑም። ብዙም ሳይቆዩ ጡረታ ወጡ፤ ካሜራዋንና ፖስታዎቹን ለእኔ አስረከቡኝ። እኔ ወደ መቱ ስዛወር ካሜራዋም ፖስታዎቹም አብረውኝ መጡ።

ዘነበች የምትባል ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ የመጣችው መቱ ነው። ባሏ በእንጨት ደብድቧት፣ ፊቷ አብጦ አንድ ዓይኗ ተከድኖ፣ ቀኝ ክንዷ በነጠላ ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። አላለቀሰችም። ፎቶ ላንሳሽ ስላት «እንዲህ ሆኜ?» አለች።

«እንዲህ ሆነሽ ነው የሚጠቅመው» አልኳት። «ከእኔ በቀር የሚያየው ዳኛው ነው።»

ይህን ያልኳት እኔ ነኝ። ያለ ሰሌዳ፣ ከወገብ በላይ አነሳኋት። ዳኛው ፎቶውን አይቶ ባልየውን አሰረው፤ ሲፈታም ወደ ቤቷ አልተመለሰም። ክንዷ ግን ተጣሞ ገጠመ። ከዚያ በኋላ በየቤቱ እየዞረች ልብስ በማጠብ መኖር ጀመረች። መንገድ ላይ ስታገኘኝ ጎንበስ ብላ «እትዬ፣ ደኅና ነዎት?» ትለኝ ነበር።

ጡረታዬ ሲቃረብ ጊዜው ሌላ ሆነ። አቅም ያለው ነጋዴ ሁሉ በራፉ ላይ ካሜራ ሰቀለ። ስርቆት ሲሆን ሰዉ ምስክር ሳይሆን ስልኩን ይዞ ይመጣ ጀመር። ለጣቢያውም ለሙከራ የሚሆን ፕሮግራም መጣ፤ ከካሜራ የተገኘ ፊት ሲሰጠው እኛ ዘንድ ካሉት ፎቶዎች የሚመስለውን ፈልጎ ያወጣል። ይህን የሚያንቀሳቅሰው ሳሙኤል የሚባል ወጣት ኮንስታብል ነበር። ጨዋና ፈጣን ልጅ ነው። አለቃችን ለእኔ የሰጡኝ ሥራ የቁም ሳጥኑን ፎቶ ሁሉ ለሳሙኤል እያቀበልኩ ኮምፒውተር ውስጥ ማስገባት ነበር።

መጀመሪያ ሰሌዳ የያዙትን አስገባን። ታችኛው መደርደሪያ ላይ ስንደርስ ሳሙኤል ፖስታዎቹን አየና «እነዚህስ?» አለ።

«እነዚህ የተበዳዮች ናቸው።»

አለቃችን በር ላይ ቆመው ነበር። «እትዬ፣ ሁሉም ይግባ። ፎቶ በበዛ ቁጥር ማሽኑ ይጎብዛል» አሉ።

አንድ ቃል ልመልስላቸው ይገባ ነበር። በኮምፒውተር ጉዳይ አላዋቂ መስዬ መታየት አልፈለግሁም። አሮጊቷ ዕቃ ትደብቃለች የሚሉኝም መሰለኝ። ፖስታዎቹን እየቀደድኩ አቀበልኩት። አንዳቸውም ከእጄ አላመለጡም።

ስርቆቱ የተፈጸመው በክረምት፣ በጠራራ ቀን ነው። በገበያው አካባቢ ሱቅ ያላቸው ወይዘሮ አበራሽ ከነቤተሰባቸው ለቀብር ጎሬ ሄደው ሲመለሱ ቤታቸው ተከፍቶ የአንገት ወርቃቸው ጠፍቷል። የበሩ ካሜራ የቀዳው እንዲህ ነው። ዝናብ ይዘንባል፤ አንዲት ሴት መጥታ ግራና ቀኝ ታያለች፤ ቀኝ እጇን ሽቅብ ዘርግታ በቆርቆሮው በር ጫፍ ላይ አሳልፋ ከውስጥ ያለውን መወርወሪያ ትስባለች። ስትገባ አንድ ጊዜ ቀና ትላለች። በካሜራው መስታወት ላይ የዝናብ ጠብታ ስለነበረ ፊቷ ተለጥጦ ያበጠ ይመስላል።

ሳሙኤል ያን ፊት ቆርጦ ለፕሮግራሙ ሰጠው። ፊቶች በተርታ ወጡ፤ ከአናት ላይ ዘነበች ነበረች። ፕሮግራሙ የሚያሳየው ከግንባር እስከ አገጭ ብቻ ነው። ከዚያ በታች ያለውን አያሳይም።

ወይዘሮ አበራሽ ገና ሲያዩዋት ጮኹ። «ይቺማ ዘነበች ናት! ልብስ ታጥብልኝ ነበር፣ አሰናበትኳት!»

«ለምን አሰናበቷት?» አልኳቸው።

«አጥር ላይ እያሰጣች እሾህ ልብሴን በሳሳው። ገመዱ ተወጥሮልሻል፣ እሱ ላይ ስቀይ ብላት ወይ ፍንክች! ግትር ናት።»

ይህን ሁሉ ጻፍኩ። ቂም ይዛ ሊሆን ይችላል ብዬም ከሥሩ አከልኩበት። አንዲት ልብስ አጣቢ ገመድ ተወጥሮላት ለምን አጥር ላይ ታሰጣለች ብዬ ግን ራሴን አልጠየቅሁም።

ዘነበችን ያመጧት ከሰው ቤት ነው፤ የሳሙና አረፋ ክንዷ ላይ ሳይደርቅ። ያጠበችበት ግቢ ሰዎች እስከ መንገዱ ወጥተው ያዩ ነበር። ቃሏን የምቀበለው እኔ ነበርኩ። ዝናብ መቷት ነጠላዋ ይንጠባጠባል። በክፍሉ ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ የተመታ ሚስማር ነበር።

«እትዬ፣ ይስቀሉልኝ። አይደርስልኝም» አለችኝ።

ተቀብዬ ሰቀልኩላት። ተመልሼ ተቀመጥኩና ካሜራው ያነሳውን ፊትና ማሽኑ ያወጣውን ፊት ጎን ለጎን አሳየኋት።

«ይሄኛው እኔ ነኝ» አለች፣ ያበጠውን እያየች። «እርስዎ ያነሱኝ ነው። እዚህ ምን ይሠራል?»

ጣቴን ወደ ሌላኛው ፊት አዞርኩ።

«ያኛዋን አላውቃትም። እትዬ፣ እርስዎ እኮ ያውቁኛል። አውቃታለሁ ይበሏቸው።»

አለቃዬ በሩን ተደግፈው ይሰሙ ነበር። አውቃታለሁ ብል ለምታውቃት አደላች የሚሉ መሰለኝ። ማሽኑን የመጣው ሁሉ የሚያደንቀው ለዚህ ነበር፤ ዘመድ የለውም፣ ጉቦ አይበላም ይሉት ነበር። እኔ ዘመድ ሆኜ መታየት ፈራሁ።

«እኔ የማውቀው መዝገቡ ላይ ያለውን ነው» አልኳት።

ከዚያ በኋላ እኔን አላየችም። የቀረውን ሁሉ ጠረጴዛውን እያየች መለሰች። «ምስሉ ከተጠርጣሪዋ ጋር ይመሳሰላል» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ፤ ፍርድ ቤቱም ተጨማሪ የምርመራ ጊዜ ፈቀደልንና ታስራ ቆየች።

ያወቅሁት ከቀናት በኋላ ነው፤ ያውም በብልህነት አይደለም። ዝናብ መትቶኝ ወደዚያው ክፍል ገባሁና ካፖርቴን ሚስማሩ ላይ፣ በዘነበች ነጠላ ላይ ደርቤ ሰቀልኩ። እጄ እዚያው ላይ እንዳለ ቆምኩ። አይደርስልኝም ያለችኝ ሴት ከእኔ ቁመት አታንስም።

ወደ ሳሙኤል ሄጄ ቪዲዮውን ክፈትልኝ አልኩት። ሴትየዋ በሩ ጋ ስትደርስ አስቆምኩትና ፊቷን በመዳፌ ሸፈንኩ።

«እትዬ፣ ስክሪኑ ላይ የእጅ ምልክት ይቀራል» አለ እየሳቀ።

«ይቅር። ቀጥል።»

ከመዳፌ በታች ቀኝ ክንድ ቀጥ ብሎ ሽቅብ ሲወጣ፣ ከራስ በላይ ሲዘረጋ፣ መወርወሪያውን ሲስብ አየሁ።

«የዘነበች ሙሉው ፎቶ የት አለ?»

«ሙሉው የለም። ፕሮግራሙ የሚያስቀረው ፊቱን ብቻ ነው፤ የቀረው ቦታ ይፈጃል።»

የታተመውን ፎቶ ከቁም ሳጥኑ አወጣሁት። ፖስታው ስለተቀደደ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅሎ ነበርና ለማግኘት ጊዜ ወሰደብኝ። ፊቷን በመዳፌ ሸፈንኩ። የቀረው በነጠላ ታስሮ የተንጠለጠለው ቀኝ ክንድ ነው። ሰሌዳ የለም። ይህን ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ጋሼ ነጋሳ ፊቱን ሸፍነው የቀረውን ያሳዩኝ ነበር፤ ማሽኑ የቀረውን ቆርጦ ጥሎ ፊቱን ብቻ አሳየኝ፤ እኔም እሱን አየሁ።

ሐኪም ክንዷን መርምሮ ከትከሻዋ በላይ እንደማይነሳ ጻፈ። አለቃዬ ወረቀቱን ካነበቡ በኋላ እንኳ «ፊቷ ግን ይመሳሰላል እኮ» አሉ።

«አዎ ጌታዬ፤ ያበጠው ፊቷ ይመሳሰላል» አልኳቸው።

ስትፈታ ነጠላዋ እዚያው ሚስማር ላይ ነበር። ላወርድላት እጄን ስዘረጋ «ይተዉት» አለች። ወንበር ስባ ወጣችና በግራ እጇ አወረደችው። ይቅርታ አልጠየቅኋትም። ልጠይቅ አፌን ስከፍት ተረኛው ገባና ዘጋሁት፤ በኋላም አልከፈትኩትም።

የሰረቀችው ሴት እስከ ዛሬ አልተገኘችም። ስለዚህ ዘነበች ከእስር ብትፈታም ከሐሜት ነጻ አልወጣችም። ወይዘሮ አበራሽ በገበያው መካከል «ፖሊስ አዝኖላት ነው የለቀቃት፤ ማሽን ምን ብሎ ይዋሻል?» ይሉ ነበር። ልብስ አጣቢ የምትኖረው ሰው በሩን ሲከፍትላት ነው፤ ለዘነበች በሩ ሁሉ ተዘጋ። አሁን ገበያ ጥግ ላይ ጎመን ትሸጣለች። ጡረታ ስወጣ በሽኝቱ ላይ ብዙ መልካም ነገር ተነገረልኝ። ስለ እሷ ያነሳ አልነበረም፤ እኔም አላነሳሁም።

ሌንሴ የመጣች ሰሞን ወደ ጣቢያው ሄጄ ያን የወረቀት ፎቶ ጠየቅሁና ሰጡኝ። ሳሙኤልንም ከኮምፒውተሩ እንዲያጠፋው ለመንኩት። አንገቱን ደፋ። «ከዚህ አጠፋዋለሁ፣ እትዬ። ግን ሁሉም ወደ ላይ ተልኳል። እዚያ ማን እንደያዘው እኔም አላውቅም።»

ለዘነበች ሰው ላክሁባት። እመጣለሁ አለች፤ መጣችም። ግቢ ግን አልገባችም፤ ከበሩ ውጭ ቆማ ጠራችኝ። በበሩ እንጨት ላይ የተሰቀለውን ካሜራ አይታ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባለች። ካሜራውን የሰቀለው አዲስ አበባ የሚሠራው ልጄ ነው፤ ብቻዬን ስለምኖር ያስብልኛል።

«ጠሩኝ አሉ» አለች።

ፎቶውን ሰጠኋት። በሁለት እጇ ይዛ ብዙ አየችው። ላለፉት ዓመታት ያልወጣልኝን ቃል ያን ጊዜ አወጣሁት። «በድዬሻለሁ፣ ዘነበች። የዚያን ቀን አውቃታለሁ ማለት ነበረብኝ።»

ፎቶውን አጠፈችና መቀነቷ ውስጥ ከተተችው።

«ያኛውስ?» አለችኝ።

«የቱ?»

«ማሽኑ ውስጥ ያለው።»

የማውቀውን ነገርኳት። እዚህ ይጠፋል፣ ወደ ላይ የተላከውን ግን ማን እንደያዘው አልታወቀም አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ የጠበቀችውን መልስ የሰማች ትመስል ነበር። «እንግዲህ ደኅና ይሁኑ» ብላ ሄደች። እትዬ አላለችኝም።

ለሌንሴ ያንኑ ቀን ደወልኩላት። «አዳራሹ ውስጥ ቆሜ ፎቶ ተነሱ ብላቸው ከመካከላቸው አንዷ ‹ማሽኑ ውስጥ የሚቀረው ያኛውስ?› ትለኛለች። ምን ልበላት?» አልኳት። ሌንሴ «እሱን ለበላዮቼ አቀርባለሁ» አለች። «መልሱን ስታመጪልኝ እመጣለሁ፤ እስከዚያ ግን ያን ወሬ ውሸት ነው እንዳትዪያቸው» አልኳት።

ስልኩን ሳላስቀምጥ ልጄ ደወለ።

«እማዬ፣ ደኅና ነሽ? አሁን በስልኬ አየሁ፤ አንዲት ፊቷን የሸፈነች ሴትዮ በርሽ ላይ ቆማ ነበር። ጥሩ ሰው አልመሰለችኝም። ማን ናት? ምስሏን ለጣቢያ ልላከው?»

«አትላከው» አልኩት።

«ለምን? ታውቂያታለሽ እንዴ?»

«አውቃታለሁ» አልኩት።